የፍየልና የእህል ሒሳብ፤ የገበያን ነገር በራዲዮ ታሪክ ስለ ማስረዳት

ይህ ጽሑፍ በሰቆጣና በሌሎች የዋግ ኽምራ ወረዳዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች እንዲሁም ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ መሪዎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው የኢኮኖሚን ጉዳይ፣ ይኸውም የዋጋን መውጣትና መውረድ፣ የብርን የመግዛት ኃይልና የማጓጓዣን ወጪ፣ ለተራው አድማጭ በሚገባው መንገድ በራዲዮ ለማቅረብ የሚረዳ አሠራር ማሳየት ነው።

ስለ ዘር፣ ስለ እርከን፣ ስለ ተባይና ስለ ከብት በሽታ ለገበሬው በራዲዮ ብዙ ይነገረዋል። ወደ ገበያ ጉዳይ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ተነቦ ያልቃል። «ጤፍ በኩንታል ይህን ያህል፣ ማሽላ ይህን ያህል» ይባልና ሙዚቃ ይገባል። ዋጋን ማወቅ ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ዋጋው ለምን እንደዚያ ሆነ? በሚመጣው ወር ወዴት ሊያመራ ይችላል? በእኔ በረት ካለችው ፍየል ጋርስ ምን ያገናኘዋል? ለሚሉት ጥያቄዎች የዋጋ ንባብ መልስ አይሰጥም። አድማጩ ሰምቶ የሚያስብበት ነገር ካላገኘ ዜናው ዝናቡ ካለፈ በኋላ እንደሚታደል ዘር ነው።

አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ታመጣለች?

በዋግ ኽምራ ብዙው ቤተ ሰብ ያመረተው እህል ከዓመት ዓመት አያደርሰውም። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ስስ ነው፤ ዝናቡም ዘግይቶ ይገባና ቀድሞ ይወጣል። ስለሆነም ገበሬው እህል ሻጭ ብቻ ሳይሆን እህል ገዢም ነው። የሚገዛበትን ገንዘብ የሚያገኘው ከፍየልና ከበግ፣ ከማር፣ ከቀን ሥራና ከሴፍትኔት ክፍያ ነው። ከዚህ የተነሣ የዋግን ገበሬ ኑሮ በአንድ ዋጋ መለካት አይቻልም። የሚለካው በሁለት ዋጋዎች፣ ይኸውም በሚሸጠውና በሚገዛው ነገር ዋጋ መካከል ባለው ግንኙነት ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህን የልውውጥ መጠን ይሉታል። ገበሬው ስሙን ባያውቀውም ነገሩን ከምሁሩ አሳንሶ አያውቀውም፤ ፍየሉን ይዞ ከቤት ሲወጣ የሚያስበው «ስንት ብር አገኛለሁ?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ቁና ይዤ እመለሳለሁ?» ብሎ ነውና።

ለስሌት ያህል የሚከተለውን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ ናቸው፤ የገበያ መረጃ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም። በታኅሣሥ ወር አዝመራው በተሰበሰበበት ጊዜ አንድ ፍየል 4,000 ብር፣ አንድ ኩንታል ማሽላ 5,000 ብር ቢሆን ፍየሏ 80 ኪሎ ማሽላ ታመጣለች። ዝናቡ በተበላሸበት ዓመት ደግሞ በሐምሌ ፍየሏ 2,500 ብር፣ ማሽላው 8,000 ብር ቢሆን የምታመጣው 31 ኪሎ ብቻ ነው። ያንኑ 80 ኪሎ ለመግዛት ከሁለት ፍየል ተኩል በላይ መሸጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። በራዲዮ የሚነበበው የማሽላ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ አድማጩ የጉዳቱን ግማሽ እንኳ አይሰማም ነበር።

ሁለቱ ዋጋዎች በአንድ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ ሲቀር በመጀመሪያ ግጦሹና ውኃው ይጠፋል፤ ፍየሏ ትከሳለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እህል መግዣ ስለሚፈልግ መንጋውን በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ገበያ ይነዳል። ገዢው ግን አልበዛም፤ እንዲያውም የአካባቢው ገዢ ራሱ እህል ገዢ ሆኗል። ስለዚህ የሥጋ ዋጋ ይወርዳል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ሰው ፍላጎት የእህል ዋጋ ይወጣል። እንደ መቀስ ሁለት ስለት አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ በመካከል ያለው ገበሬው ነው። የአበርገሌ ፍየል ድርቅ ችላ የምትኖር መሆኗ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ፍየሏ ድርቅን ብትችልም ዋጋዋ አይችልም።

የጾምና የበዓላት ነገርም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። በዐቢይ ጾም የሥጋ ፈላጊ ስለሚያንስ የፍየል ዋጋ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ይነቃቃል። ይህን ገበሬው ያውቃል። የሚቸግረው በመጥፎ ዓመት የእህሉ ዋጋ ከበዓሉ ቀድሞ መሮጡ ነው።

የወሎ ረሃብ ያስተማረው

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ በተመለከተ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሃብ በሚናገር መጽሐፋቸው ያቀረቡት ማስረጃ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ሊታወቅ ይገባል። ዋግ በዚያን ጊዜ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር። እኒህ ምሁር የደሴን የእህል ገበያ መርምረው ዋጋው ሰው የሚገምተውን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም በረሃቡ ወቅት ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል እንደነበረ ጻፉ። ትንታኔያቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። ገበሬው የራሱ አዝመራ ሲጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም እህል አብረው ይጠፋሉ። ከብቱና ጉልበቱም ገዢ ያጣሉ። እጁ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ እህል በገበያ ቢኖርም አይደርስለትም፤ ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ ካልመጣም ዋጋውን አያስወድደውም። እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

ይህ ትንታኔ ተቃዋሚዎችም ነበሩት። ደሴ ከሰቆጣ ሩቅ ነው፤ በዚያ ዘመን በነበረው መንገድ የደሴ ዋጋ የሰቆጣን ዋጋ ያሳያል ማለት አስቸጋሪ ነው። በእኔ አስተያየት ተቃውሞው ራሱ ለራዲዮ ሥራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የሩቅ ከተማ ዋጋ እየተነበበ የአካባቢው ገበያ እንዴት እንደሆነ መገመት አደገኛ ነው። ዋጋው ጸጥ ያለ መሆኑም ሕዝቡ ደህና ነው ማለት አይደለም። አንድ የልማት ሠራተኛ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲጽፍ «የእህል ዋጋ አልጨመረም» ብሎ ቢያቆም፣ ከእህሉ ጎን የፍየሉን ዋጋ ካላስቀመጠ፣ የጻፈው እውነት ሆኖ ሳለ የሚያሳስት ሊሆን ይችላል።

የሰቆጣ ጨው

የገበያ ትምህርት ለዋግ ሕዝብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ተደርጎ መቅረብ የለበትም። ሰቆጣ በጥንቱ ንግድ ከታወቁት የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ በትግራይ በኩል ይመጣና ከዚህ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይሠራጭ ነበር። አሞሌው ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ከሚቆረጥበት ቦታ አጠገብ በአንድ ማርትሬዛ ብር ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚገኘው አሞሌ ቁጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ጨው ያው ጨው ነው። የተጨመረው የጫኚው ድካም፣ የከብቱ መኖ፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥና የመንገዱ ሥጋት ነው።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ይህን በራዲዮ ቢተርኩና ወዲያው ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከሰቆጣ ወደ ወልድያ ፍየል ሲጭን የሚያወጣውን ወጪ አንድ በአንድ ቢናገር፣ «የማጓጓዣ ወጪ» የሚባለው ነገር ያለ ሌላ ማብራሪያ ይገባል። በአገር ትዝታ የታወቀውን አስቀድሞ አዲሱን ማስከተል ከማንኛውም ትርጓሜ ይሻላል።

ታሪኩ እንዴት ይሠራል?

ጥሩ የኢኮኖሚ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ሰውና ከአንድ ጥያቄ ነው። «ባለፈው ሳምንት ፍየሌ 4,000 ብር ነበረች፤ ዛሬ ለምን 3,000 ተባለች?» የሚል ጥያቄ ለአንድ የ15 ደቂቃ ዝግጅት ይበቃል፤ ከበቂም በላይ ነው። ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ብድርና ስለ ወጪ ንግድ በአንድ ዝግጅት ለመናገር የሚሞክር ሰው ሦስቱንም ሳያስረዳ ይወጣል።

ቀጥሎ ጥያቄውን ከእጅ ወደ እጅ መከተል ነው። ፍየሏን ከገበሬው የገዛው ማነው? ደላላው ስንት ወሰደ? ነጋዴው ለማን ሸጠ? መኪናው ስንት ከፈለ? መጨረሻ ላይ ሥጋውን የገዛው ሰው ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ በቤት ብድር ምክንያት በገንዘብ ቀውስ ስትናወጥ የአንድ ሕዝባዊ ራዲዮ አዘጋጆች የሠሩት የአንድ ሰዓት ዝግጅት እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በዚህ ዘዴ ነው። መክፈል የማይችለውን ብድር ከተቀበለው ሰው ተነሥተው፣ ብድሩን የሰጠውን፣ ከሰጪው የገዛውን፣ ከገዢው ደግሞ የገዛውን እየጠየቁ እስከ ዓለም የገንዘብ ገበያ ደረሱ። እያንዳንዱ ሰው «አንተ ለምን እንዲህ አደረግህ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ እያንዳንዱም በበኩሉ ትክክል የሚመስል ምክንያት ነበረው። የቀውሱ ምንጭ የታየው ምክንያቶቹ ሁሉ ተደርድረው ሲሰሙ ነው። በሰቆጣ ገበያም እንዲሁ ነጋዴውን ወይም ደላላውን ከመጀመሪያው ጥፋተኛ አድርጎ የሚነሣ ታሪክ ነገሩን አያስረዳም። ነጋዴው ለምን ዋጋ እንደ ቀነሰ ራሱ ይናገር፤ ከተናገረ በኋላ ሒሳቡ የማይገጥም ከሆነ አድማጩ ይፈርዳል።

ባለሥልጣንና ባለሙያ በመጨረሻ ይምጡ። የብዙ ዝግጅቶች ጉድለት ከኃላፊ መግለጫ መጀመራቸው ነው። ኃላፊው መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ገና በአድማጩ ልብ ስላልበቀለ መልሱ መሬት ላይ ይወድቃል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር መታወስ አለበት። ራዲዮ እንደ ወረቀት ወደ ኋላ ተመልሶ አይነበብም፤ ያመለጠ ቁጥር አመለጠ ነው። በአንድ ዝግጅት ከሦስት ወይም ከአራት የበለጠ ቁጥር አይነገር፤ የሚነገረውም ይደጋገም፤ 3,870 ብር ከማለት ወደ አራት ሺህ ብር የሚጠጋ ማለት ይሻላል። በመቶኛ ከመናገርም በኪሎ፣ በጣሳ፣ በቁናና በቀን ራት መናገር ይበልጣል።

ዝግጅቱ በድራማ መልክም ሊቀርብ ይችላል። የእንግሊዝ ራዲዮ «ዘ አርቸርስ» የተባለውን ተከታታይ የገጠር ድራማ እ.ኤ.አ. በ1951 ለመላ አገሩ ማስተላለፍ ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ ከጦርነቱ በኋላ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ማስተማር ነበር፤ ለጽሑፉም የእርሻ ሚኒስቴሩ ምክር ይሰጥ ነበር። በአገራችንም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል የነበረው የራዲዮ ድራማ ሲሆን፣ ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምረውን ነገር በቤተ ሰብ ታሪክ ውስጥ አስገብቶ ብዙ አድማጭ አግኝቷል። ስለ ጤና የተቻለው ስለ ፍየል ዋጋ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ለናሙና ያህል አጭር ትዕይንት ከዚህ በታች ቀርቧል።

(የገበያ ሁካታ። ፍየል ትጮኻለች። ድምፁ ቀስ በቀስ እየራቀ ይሄዳል።)

ጎልማሳው፦ እንደምን ዋሉ እማማ?

እማማ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ዋልህ ልጄ? ምነው፣ ፍየሏን መልሰህ አመጣሃት?

ጎልማሳው፦ ምን ላድርግ! ባለፈው ወር 4,000 የተባለችውን ዛሬ 3,000 አሉኝ። እምቢ ብዬ ተመለስኩ።

እማማ፦ ገበያው ላይ የነበረው ፍየል ብዙ ነው?

ጎልማሳው፦ ኧረ መሬቱ አይታይም! የቆላው ሰው ሁሉ መንጋውን ነድቶ ወጥቷል። ሣሩም ውኃውም አልቋል ይላሉ።

እማማ፦ ገዢስ?

ጎልማሳው፦ ሁለት መኪና ብቻ ነው የመጣው።

እማማ፦ እህሉሳ?

ጎልማሳው፦ እሱማ ወጥቷል። አምስት ሺህ የነበረው ኩንታል ስድስት ሺህ ገብቷል።

እማማ፦ እንግዲህ ባለፈው ወር ብትሸጣት ኖሮ ስንት ኪሎ ማሽላ ይዘህ ትገባ ነበር?

ጎልማሳው፦ ሰማንያ ኪሎ።

እማማ፦ ዛሬስ?

ጎልማሳው፦ (ቆይቶ) ኀምሳ።

እማማ፦ እንግዲያ አንድ ሺህ ብር ቀረብኝ አትበል። ሠላሳ ኪሎ ነው የቀረብህ። ለስንት ቀን ይበቃችሁ ነበር?

ጎልማሳው፦ አምስት ነን። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢሆን… ዐሥራ ሁለት ቀን።

(ዝምታ። ፍየሏ ትጮኻለች።)

ጎልማሳው፦ የሚመጣው ገበያስ እማማ፣ ይሻል ይሆን?

እማማ፦ እኔ ምን አውቄ! ሰማዩን እየው፤ ገዢውንም ጠይቅ።

ይህ ትዕይንት በሁለት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። እማማ «ሽጥ» ወይም «አትሽጥ» እንዳላሉ ልብ ይሏል። ያደረጉት በብር የተነገረውን ኪሳራ ወደ ኪሎ፣ ኪሎውን ወደ ቀን መለወጥ ነው። ከትዕይንቱ በኋላ የዝግጅቱ አቅራቢ ወደ እውነተኛው ገበያ ይገባል፤ በመቅረጸ ድምፅ ወይም በሞባይል ስልክ የተቀዳ የነጋዴ፣ የሹፌርና የእህል ሻጭ ቃል ያሰማል። ትዕይንቱ ልብ ወለድ መሆኑ፣ የገበያው ቃል ደግሞ እውነተኛ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት።

የሩቁን ነገር ማቅረብ

አንዳንድ ዋጋ የሚወሰነው ከሰቆጣ ብቻ ሳይሆን ከአገርም ውጭ ነው። ማዳበሪያ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የምንጠቀምበት ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል ይገባል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ዋጋውን ሊያስወድዱት ይችላሉ፤ በዓለም ገበያ ዋጋው ሲጨምር፣ ብር ከዶላር አንጻር ሲወርድ፣ ወይም መንገዱ ሲረዝምና ሲታወክ። በ2014 ዓ.ም. የሩስያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የመጀመሪያው ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁለተኛው ደረሰ፤ ከ57 ብር ትንሽ በለጥ ይል የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር አካባቢ ገባ፤ በሚቀጥሉት ወራትም ከ100 ብር አለፈ።

ይህን በራዲዮ ለመናገር ሰንጠረዥ አያስፈልግም። «ከውጭ በ100 ዶላር የሚገዛ ዕቃ አለ እንበል። ትናንት 5,700 ብር ይከፈልበት ነበር፤ ዛሬ ያው ዕቃ፣ በዚያው 100 ዶላር፣ 7,400 ብር ይከፈልበታል። ሻጩ አላስወደደም፤ የእኛ ብር ነው ያነሰው» ማለት ይበቃል። መንግሥት የዋጋውን ከፊል በድጎማ የሚሸፍን ከሆነ እሱም ይነገር፤ አለበለዚያ አድማጩ በማኅበሩ መጋዘን የሚያየው ዋጋ በራዲዮ ከሰማው ሒሳብ ጋር አልገጥም ይለውና ሁለቱንም አያምንም። ብር ሲወርድ የሚጠቀም ወገን እንዳለም አይዘንጋ፤ ወደ ውጭ የሚላክ ሰሊጥ፣ ማር ወይም የቁም ከብት ያለው አምራች በብር ሲመነዘር የተሻለ ሊያገኝ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከነጋዴው አልፎ ገበሬው ዘንድ መድረሱ በየገበያው ተጠይቆ የሚታወቅ ነው።

የሴፍትኔት ነገር ከዚህ ሁሉ የቀረበ ነው። መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ ይህም 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገሪቱ ሲንር ክፍያው ወደ 8 ብር ቢያድግም ዋጋው ግን ከዚያ በላይ ፈጥኖ ነበርና ብዙ ተረጂዎች ከብር ይልቅ እህል ይሰጠን ማለት ጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኪሎው 2 ብር ሲሆን 6 ብር 3 ኪሎ ይገዛል፤ ኪሎው 4 ብር ቢሆን 8 ብር የሚገዛው 2 ኪሎ ነው። ደመወዝ እየጨመረ ሰው ሊደኸይ እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በየዓመቱ በአዲሱ የክፍያ መጠንና በአዲሱ ዋጋ መደገም የሚገባው ዝግጅት ነው።

ስለ ቋንቋ

በዋግ ኽምራ ኽምጣና አፍ መፍቻው የሆነ ሕዝብ ብዙ ነው። የክልሉ ራዲዮ በኽምጣናም ፕሮግራም ያለው በመሆኑ ታሪኮቹ በዚያው ቋንቋ ሊሠሩ ይገባል፤ ሆኖም በአማርኛ ተጽፎ የሚተረጎም ዝግጅት ብዙ ጊዜ ደርቆ ይወጣል። የተሻለው ቃለ ምልልሱን ከመጀመሪያው በኽምጣና መቅዳት፣ ዋናውንም ሐሳብ በዚያው ማዋቀር ነው። «የዋጋ ግሽበት» ለሚለው ቃል አቻ ፍለጋ ሊቃውንት ከሚከራከሩ፣ በገበያ የምትነግድ አንዲት ሴት ነገሩን በምን ቃል እንደምትገልጸው መጠየቅ ይቀላል። በአማርኛም ቢሆን «የመግዛት አቅም ማሽቆልቆል» ከሚለው «ብሩ ቀለለ» የሚለው ፈጥኖ ይደርሳል።

ጥንቃቄ

ራዲዮው ራሱ ገበያውን ሊያናውጥ ይችላል። «የፍየል ዋጋ ሊወርድ ነውና ቶሎ ሽጡ» የሚል ዝግጅት ማክሰኞ ማታ ቢተላለፍ፣ በቀጣዩ ገበያ ሁሉም ፍየሉን ይዞ ይወጣና ዋጋው በዚያው ቀን ይወርዳል፤ ትንቢቱ የተፈጸመው ስለተነገረ ነው። እህል ሊወደድ ነው የሚል ወሬም ያለውን እንዲያስቀር ያደርገዋል። ስለዚህ ሒሳቡን ማሳየት እንጂ ትእዛዝ መስጠት ተገቢ አይደለም። ምክር መስጠት ካስፈለገም ቀደም ብሎ፣ ግጦሹ ሳያልቅና ፍየሉ ሳይከሳ፣ በመስከረምና በጥቅምት የአዝመራው ሁኔታ ሲታወቅ ይሁን። ያን ጊዜ መሸጥ ያለባቸው ሙክቶችና ትርፍ ወንዶች ናቸው፤ እናት ፍየሎችን ማስቀረት የሚቻለው ጊዜ ሳለ ብቻ ነው።

የማዳመጫ ቡድን እና የማኅበሩ ድርሻ

ብቻውን ያዳመጠ ሰው ይረሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1941 የገበሬዎች የራዲዮ ሸንጎ ስትጀምር ጎረቤቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው እንዲያዳምጡ፣ እንዲወያዩና ጥያቄያቸውን መልሰው ለጣቢያው እንዲልኩ አደረገች። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1956 በዩኔስኮ እርዳታ በፑና አካባቢ በ140 በሚበልጡ መንደሮች ለ10 ሳምንት ያህል ሞከረችው፤ ቡድን የነበራቸው መንደሮች ካልነበራቸው የበለጠ ዕውቀት እንዳገኙ በጥናት ታይቷል። በዋግ ለዚህ የሚሆን አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ፣ የሴፍትኔት ሥራ ቦታና የሰንበቴ ማኅበር አሉ። የልማት ሠራተኛው የተቀዳውን በስልኩ ይዞ ሄዶ ሊያሰማ ይችላል፤ ሞገድ በማይደርስበት ሸለቆ ይህ ከራዲዮው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው ዋና ነገር ትክክለኛ ዋጋ ማቅረብ ነው። ከሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያወጣው ዋጋ ሰሊጥን ለመሳሰሉት ይጠቅማል፤ ፍየል ግን በዚያ አይገበያይም። የፍየልን ዋጋ ማወቅ የሚችለው በገበያው የተገኘ ሰው ብቻ ነው። «ፍየል 4,000 ብር» ብሎ መላክ ዋጋ የለውም። ሙክት ነው? እናት ናት? ጠቦት ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ሥጋው እንዴት ነው? የመጀመሪያው የተጠራ ዋጋ ነው ወይስ የተሸጠበት? እነዚህ ካልተጻፉ የዚህን ሳምንት ካለፈው ማወዳደር አይቻልም። በየገበያው ከአምስት ያላነሱ ሽያጮች ቢታዩና መካከለኛው ቢወሰድ ጥሩ ነው።

እህሉንም እንዲሁ። ጣሳ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ቁናም እንደዚሁ፤ የተቆለለውና የተላገው ጣሳ አንድ አይደለም። ስለዚህ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም በእያንዳንዱ ገበያ የሚሠራበትን ጣሳ አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኖ ኪሎውን በመዝገብ ላይ ያስፍር፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው ዋጋ ሁሉ በኪሎ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የገበያው ስምና ቀን መጻፉ አይዘንጋ። ከሁለት ገበያ በላይ የቆየ ዋጋ ከሆነ ጣቢያው ከነቀኑ ያንብበው፤ ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ጭራሽ አይነበብ።